መብራት ሲሄድ የማይለቀቅ ወንበር፦ የጋራ ፖስትግሬስ ሰርቨር ግንኙነት አስተካከል

ሰኔ 28 ቀን ነበር፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ። የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ገላን ያለው የግንባታ ዕቃ መጋዘናችን ግቢ ውስጥ ቆጠራ ተጀምሯል። የመጋዘኑ ኃላፊ ከታች ደወሉልኝ። "ልጄ፣ ሲስተሙ አላስገባ አለኝ። መኪናው በር ላይ ቆሟል፣ ሲሚንቶውን መቀነስ አልቻልኩም" አሉኝ።

የሁላችንም መዝገብ የሚቀመጥበትን ዳታቤዝ፣ የፖስትግሬስን ሎግ (የክስተት መዝገብ) ከፈትኩት። አንድ መልእክት ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል። ወደኛ ቋንቋ ሲመለስ "ይቅርታ፣ ደንበኛ በዝቷል" እንደማለት ነው። እኔም በአንድ ጊዜ የሚፈቀደውን የግንኙነት ጣሪያ (ማክስ ኮኔክሽንስ) ከ100 ወደ 150 ከፍ አድርጌ ሪስታርት አደረግሁት። ወዲያው ሠራ፣ መኪናውም ሄደ።

ችግሩን የፈታው የቁጥሩ መጨመር መስሎኝ ነበር። የፈታው ሪስታርቱ ነው። ይህን ያወቅሁት ሐምሌ ገብቶ ዝናቡ ሲበረታና መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ሲጀምር ነው። 150ውም ሞላ። ያኔ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ አስተካከልኩት። ከከተማው ዳር ሆናችሁ፣ ቅርንጫፎቻችሁ በሞባይል ኢንተርኔት የሚገናኙ ከሆነ፣ ይህ መመሪያ ለእናንተ ነው።

አንድ ነገር ላስቀድም። የቅንብር ስሞቹን የጻፍኩት በምንጠራቸው አጠራር ነው። ፋይሉ ውስጥ በላቲን ፊደል፣ ቃላቱ በአንደርስኮር ተያይዘው ታገኟቸዋላችሁ። ዋናው ፋይል ፖስትግሬስኪውኤል ዶት ኮንፍ ይባላል። የት እንዳለ ካጣችሁት "ሾው ኮንፊግ ፋይል" ብላችሁ ዳታቤዙን ራሱን ጠይቁት፣ ይነግራችኋል።

ምንም ሳትነኩ፣ ማን እንደተቀመጠ እዩ

ፖስትግሬስ ለእያንዳንዱ ግንኙነት የራሱን ፕሮሰስ ይከፍታል። እያንዳንዱ ግንኙነት አንድ ወንበር ነው በሉት። ሳትነኩት ከተተወ ወንበሩ 100 ነው። ከእነዚህ 3ቱ ለዳታቤዙ አለቃ፣ ለሱፐርዩዘር፣ የተያዙ ናቸው። ለሌላው ተጠቃሚ የሚቀረው 97 ነው።

ማን እንደያዘው የሚያሳየው ፒጂ ስታት አክቲቪቲ የሚባለው ሠንጠረዥ ነው። የደንበኛውን (የሚገናኘውን ኮምፒውተር) አድራሻ፣ ያለበትን ሁኔታና ግንኙነቱ የተከፈተበትን ሰዓት አስወጡ። ባክኤንድ ታይፕ የሚለው ዓምድ ላይ "ክላየንት ባክኤንድ" የሚለውን ብቻ ምረጡ። አለዚያ የዳታቤዙ የውስጥ ሠራተኞችም አብረው ይመጡና ቁጥሩ ይምታታባችኋል።

እኔ በዚያ የሐምሌ ጠዋት ያየሁት ይህን ነው። በጠቅላላው 23 ኮምፒውተር አለን። የሽያጭ ፕሮግራሙ ሲነሳ በየኮምፒውተሩ 3 መስመር፣ ማለትም 3 ግንኙነት፣ ይከፍታል። ስለዚህ ጤነኛው ቁጥር 69 ነው። መርካቶ ያለው ቅርንጫፍ 6 ኮምፒውተር ስላለው የእሱ ድርሻ 18 መሆን ነበረበት። ዝርዝሩ ላይ ግን ከዚያ ቅርንጫፍ ብቻ 96 መስመር ተቀምጧል።

የተከፈቱበትን ሰዓት ተመለከትኩ። 18ቱ አንድ ላይ፣ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ሌላ 18፣ ከዚያ ሌላ 18። እንዲህ እያለ አምስት ጊዜ። በስድስተኛው ላይ 6 ብቻ። ቅርንጫፉ ጋ ደውዬ ስጠይቅ መብራት ከጠዋት ጀምሮ 5 ጊዜ ሄዶ መጥቷል አሉኝ። መብራት በሄደ ቁጥር ኮምፒውተሮቹ ድንገት ይጠፋሉ። "ደህና ዋል" ብለው አይሰናበቱም። ሰርቨሩ ዩፒኤስ (የመጠባበቂያ ባትሪ) ላይ ስለሆነ በሕይወት አለ፣ እነሱ መሄዳቸውን ግን አያውቅም። ሲመለሱ አዲስ 18 ይከፍታሉ፣ አሮጌው 18 እንደተቀመጠ ነው። 90 የሞተ፣ 6 ሕያው፣ ከሌላው ሁሉ 51። ድምሩ 147። ከ150ው 3ቱ ሲቀነስ የሚቀረው ልክ ይኸው ነው።

ተሳፋሪው ወርዶ ሄዷል፣ ወያላው ግን "ሞልቷል" እያለ ያልፋል። ጣሪያውን 300 ብታደርጉትም መሙላቱ አይቀርም፣ ቀኑ ነው የሚራዘመው።

1. ሰርቨሩ የት እንደሚያዳምጥ

ፖስትግሬስ ሲጫን የሚሰማው ከራሱ ማሽን የሚመጣውን ብቻ ነው። ሊስን አድሬስስ የሚለው ቅንብር ሎካልሆስት ይላል። ከሌላ ኮምፒውተር ለመግባት ይህን መቀየር ግድ ነው። ከዚያ በፊት ግን ለሰርቨሩ የማይቀያየር አይፒ አድራሻ ስጡት፣ ለምሳሌ 192.168.10.5።

እዚህ ላይ ለኛ አካባቢ የሚሆን አንድ ምክር አለኝ። ብዙ መመሪያዎች ሎካልሆስትንና ያንን አድራሻ ብቻ ጻፉ ይላሉ። መብራት በሚመላለስበት ቦታ ይህ ያስቸግራል። ኃይል ሲመለስ ኔትወርኩ ከመነሳቱ በፊት ዳታቤዙ ከቀደመ፣ አድራሻውን ያጣዋል። ማስጠንቀቂያ ሎግ ላይ ጽፎ በሎካልሆስት ብቻ ሥራ ይጀምራል። ከላይ ሲያዩት በሰላም ይሠራል፣ ከውጭ ግን ማንም አይገባም። ስለዚህ እኔ ኮከብ ምልክት አድርጌ በሁሉም እንዲያዳምጥ እተወዋለሁ። በሩን የምዘጋው በፋየርዎል ነው። ይህ ቅንብር ሪሎድ (ሳያጠፉ ቅንብሩን እንደገና ማስነበብ) አይበቃውም፣ ሪስታርት ይፈልጋል።

2. ማን ይግባ

ይህን የሚወስነው ፒጂ ኤችቢኤ ዶት ኮንፍ የሚባለው ፋይል ነው። በኔትወርክ ለሚመጣ ግንኙነት የሚጻፈው እያንዳንዱ መስመር አምስት ነገር ይዟል፦ የግንኙነት ዓይነት፣ የዳታቤዝ ስም፣ የተጠቃሚ ስም፣ አድራሻና የማረጋገጫ ዘዴ። ለመጋዘኑ ግቢ 192.168.10.0/24 (በ192.168.10 የሚጀምሩ አድራሻዎች ሁሉ) የሚል አንድ መስመር፣ ለየቅርንጫፉ ደግሞ የየራሳቸው መስመር ይኑራቸው። ቅርንጫፍ ሲዘጋ አንድ መስመር ማጥፋት ይበቃችኋል።

ፋይሉ ከላይ ወደ ታች ይነበባል። መጀመሪያ የገጠመው መስመር ይወስናል፣ ከዚያ በታች ያለው አይታይም። "ሁሉም፣ ከሁሉም ቦታ" የሚል መስመር ከላይ ካለ ከሥሩ የጻፋችሁት ጥበቃ ሁሉ ከንቱ ነው። ለማረጋገጫ ስክራም ሻ 256ን ተጠቀሙ፣ ከቨርዥን 10 ጀምሮ አለ። "ትረስት" የሚለው ያለ ይለፍ ቃል ያስገባል። አንድ ሰው "ለጊዜው" ብሎ አስገብቶት ረስቶት ሊሆን ስለሚችል ፈልጋችሁ አጥፉት። ይህን ፋይል ስትቀይሩ ሪሎድ በቂ ነው፣ ማንም አይቋረጥም።

3. ፖርት 5432ን ለኢንተርኔት አትክፈቱ

ይህን ባጭሩ እላለሁ፣ ምክንያቱም የሚያከራክር አይደለም። የዳታቤዙ በር ለውጭው ዓለም ክፍት ከሆነ በየቀኑ ይለፍ ቃል የሚሞክሩ ሮቦቶች ይደርሳሉ። ፋየርዎሉ ላይ ከግቢው ኔትወርክና ከቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ የሚዘረጋ የተመሰጠረ የግል መስመር) አድራሻዎች በስተቀር 5432ን ዝጉ። ለቅርንጫፎች ዋየርጋርድ የሚባለው ቪፒኤን ጥሩ ነው፣ ቀላልና ፈጣን ነው። አንደኛው ጫፍ ግን ከውጭ የሚደረስበት ቋሚ አድራሻ ያስፈልገዋል። ሲምካርድ ባለው ራውተር በኩል ያለው ቅርንጫፍ ላይ ደግሞ ፐርሲስተንት ኪፕአላይቭ የሚለውን 25 ሰከንድ አድርጉት። አለዚያ ዝም ሲል መንገዱ ላይ ያለው ራውተር ይረሳዋል።

4. የሞተውን መስመር በ2 ደቂቃ ማስለቀቅ

የነገሩ እምብርት ይህ ነው። ሰርቨሩ ዝም ያለ ደንበኛን "አለህ ወይ?" ብሎ የሚጠይቅበት መንገድ አለው፣ ኪፕአላይቭ ይባላል። ችግሩ የሊኑክስ ነባር ልማድ ነው። መጀመሪያ የሚጠይቀው ከ7200 ሰከንድ በኋላ ነው፣ ማለትም ከ2 ሰዓት በኋላ። መልስ ካጣ በየ75 ሰከንዱ 9 ጊዜ ይደጋግማል። ሲደመር 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ። በዚህ መሀል አምስት ጊዜ መብራት ቢሄድ አምስቱም ዙር ተከማችቶ ይጠብቃችኋል። የኛ 90 የሞተ መስመር የመጣው ከዚህ ነው።

ፖስትግሬስ ውስጥ ሦስት ቅንብሮች አሉ። ቲሲፒ ኪፕአላይቭስ አይድል 60 ይሁን። ቲሲፒ ኪፕአላይቭስ ኢንተርቫል 10። ቲሲፒ ኪፕአላይቭስ ካውንት 6። አንድ ደቂቃ ዝምታ፣ ከዚያ በየ10 ሰከንዱ 6 ጥያቄ። መልስ ከሌለ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ወንበሩ ይለቀቃል።

ለምን 2 ደቂቃ? ከዚህ በላይ ላጥብቀው ብላችሁ 10 ሰከንድ ብታደርጉት ሕያውን ትቆርጣላችሁ። የሞባይል ኔትወርክ ግማሽ ደቂቃ ጠፍቶ መመለሱ እዚህ የተለመደ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ገንዘብ ተቀባይዋ ደረሰኝ እየቆረጠች ከሆነ ሥራዋ ይበላሻል። 2 ደቂቃ ለመስመሩ መንገራገጭ ይበቃል፣ ለሞተው ደግሞ አይበዛም። "ይህ ሁሉ ጥያቄ ካርድ አይበላም ወይ?" የሚል ይኖራል። መልእክቱ በጣም ትንሽ ነው፣ በወር መጨረሻ ልዩነቱን አታዩትም።

አንድ ቀዳዳ ይቀራል። ሰርቨሩ መልስ ልኮ፣ መድረሱን ሳያረጋግጥ መብራት ቢሄድስ? ያኔ ኪፕአላይቭ አይሠራም። ሊኑክስ የላከውን ደጋግሞ ይልካል፣ ተስፋ ለመቁረጥም 15 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ለዚህ ቲሲፒ ዩዘር ታይምአውት አለ፣ ከቨርዥን 12 ጀምሮ። እሱንም 120 ሰከንድ አድርጉት። ቨርዥን 14ና ከዚያ በላይ ከሆናችሁ ክላየንት ኮኔክሽን ቼክ ኢንተርቫልን 10 ሰከንድ አድርጉ። ጠያቂው ጠፍቶ ሳለ ሰርቨሩ ረጅም ሪፖርት ሲፈጭ እንዳይውል ያደርጋል።

በደንበኛው በኩልም ተመሳሳይ ነገር ይኑር። ፕሮግራሙ ሲገናኝ ኮኔክት ታይምአውት 10 ሰከንድ ይሁን። ሳይሆን ሲቀር ደግሞ ትንሽ ቆይቶ ራሱ እንደገና ይሞክር። ሁሉም ኮምፒውተሮች በአንድ ቅጽበት እንዳይሞክሩ የሚጠብቁት ጊዜ የተለያየ ቢሆን ጥሩ ነው። መብራት የሚመጣው ለሁሉም እኩል ነውና።

ለየኮምፒውተሩ ዩፒኤስ ግዙ የሚል ምክርም ሰምቻለሁ። ጥሩ ነው፣ አቅም ካላችሁ ግዙ። ግን ባትሪ ያረጃል፣ ኬብል ይነቀላል፣ ሲምካርድ ሒሳቡ ያልቃል። ሰርቨሩ ራሱ የሞተውን ከሕያው መለየት አለበት።

5. ትራንዛክሽን ይዞ የሚተኛው

የሞተ መስመር ወንበር ይይዛል። ይኸኛው ግን በር ይቆልፋል።

አንድ ቀን እንዲህ ሆነ። ፌሮ የሚገዛ ደንበኛ መጣ። ሻጯ የሽያጭ ቅጹን ከፈተች፣ 12 ሚሊሜትሩን መረጠች። ደንበኛው "ባንክ ደርሼ ልምጣ" ብሎ ወጣ። እሷም ቅጹን እንደተከፈተ ትታ ምሳ ሄደች። ፕሮግራሙ ቅጹ ሲከፈት ትራንዛክሽን (አንድ ላይ የሚጸድቅ ወይም አንድ ላይ የሚሰረዝ የሥራ ጥቅል) ጀምሮ የዕቃውን መዝገብ ቆልፏል። እታች የመጋዘኑ ኃላፊ ያንኑ ፌሮ ለሌላ መኪና ሊቀንሱ ቢሞክሩ ስክሪኑ ደርቆ ቀረ። ሌላውም ሞከረ፣ እሱም ደረቀ። ከአንድ ቅጽ ጀርባ ሰባት ሰው ተሰለፈ።

ሠንጠረዡ ላይ ሁኔታው "አይድል ኢን ትራንዛክሽን" ብሎ ይታያል። ተራውን "አይድል" ከዚህ ለዩ። ተራው አይድል ምንም የማያደርግ፣ ማንንም የማይጎዳ ነው። ይኸኛው ቁልፍ በኪሱ ይዞ የሄደ ሰው ነው።

አይድል ኢን ትራንዛክሽን ሴሽን ታይምአውትን 5 ደቂቃ አድርጉት። ከዚያ በላይ ከተኛ ሰርቨሩ ያቋርጠዋል፣ ያልተጠናቀቀው ሽያጭም ይሰረዛል። ስለዚህ ከማድረጋችሁ በፊት ለሻጮቹ ንገሯቸው። እኔ ሳልነግር አድርጌው አንዷ ሙሉ ደረሰኝ እንደገና ጻፈች፣ ቅሬታዋም ትክክል ነበር። ትክክለኛው መድኃኒት ፕሮግራሙን የሠራው ሰው እጅ ላይ ነው። ትራንዛክሽን መጀመር ያለበት "መዝግብ" የሚለው ሲነካ እንጂ ቅጹ ሲከፈት አይደለም። እሱ እስኪስተካከል ግን ይህ ቅንብር ያድናችኋል።

አይድል ሴሽን ታይምአውት የሚባል ሌላም አለ። ተራውን አይድል የሚቆርጥ ነው። መስመር ከፍቶ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ካላችሁ አትንኩት። ፕሮግራሙ አለኝ ብሎ ያስቀመጠውን ከሥሩ ትቆርጡበታላችሁ።

6. አሁን ቁጥሩን ወስኑ

የሞቱት ሲወጡ እውነተኛው ፍላጎት ይታያል። የኛ ሒሳብ ይህን ይመስላል። 23 ኮምፒውተር በ3፣ 69። አንድ ቅርንጫፍ መብራት ሄዶበት ቢመለስ ለ2 ደቂቃ ተደራርቦ የሚቆይ 18። ለሪፖርት 10። ለባክአፕና ለክትትል 3። ድምር 100። ከአለቃው 3 ጋር ትንሽ ትርፍ አድርጌ ማክስ ኮኔክሽንስን 120 አልኩት።

ከዚያ ራሙን አስቡ። ሰርቨራችን 8 ጊጋባይት አለው። ሼርድ በፈርስ (ሁሉም ግንኙነቶች የሚጋሩት ራም) 2 ጊጋባይት ወስዷል። ዎርክ ሜም (ለማደራጀት ሥራ የሚሰጠው ራም) ሳይነካ 4 ሜጋባይት ነው። እሱ ግን በግንኙነት የሚቆጠር አይደለም። አንድ ከባድ ሪፖርት ውስጥ ብዙ የማደራጀት ሥራ ካለ ለእያንዳንዱ ያን ያህል ሊወስድ ይችላል። ዎርክ ሜምን 64 ብታደርጉትና 120ውም አንድ ጊዜ ቢጠይቁ 7,680 ሜጋባይት ነው፣ ሰርቨሩ አይችለውም። ስለዚህ ለሁሉም ዝቅ አድርጉት፣ ለሪፖርት ተጠቃሚው ብቻ ከፍ አድርጉለት።

7. ለየክፍሉ የራሱ ተጠቃሚ

ሁሉም በአንድ ስም ከገባ ማን ምን እንዳደረገ አይለይም። ለሽያጭ፣ ለመጋዘን፣ ለሒሳብና ለሪፖርት ለየብቻ ስም ፍጠሩ። "ኦልተር ሮል" በሚለው ትእዛዝ ኮኔክሽን ሊሚት (የግንኙነት ገደብ) ስጧቸው። የኛ ሪፖርት 10 ነው። ሰኔ መጨረሻ ላይ ሒሳብ ክፍል ሁሉም ሪፖርት አንድ ላይ ቢከፍት እንኳ ሽያጭ አይቆምም።

ፕሮግራሙን በሱፐርዩዘር ስም አታስገቡት። እነዚያን የተያዙ 3 ወንበሮች ይበላባችኋል። ሁሉም ነገር ሲሞላ እናንተ የምትገቡበት በር እነሱ ናቸው።

8. ተራ አስከባሪ ሲያስፈልግ

ኮምፒውተሩ 23 ሳይሆን 200 ቢሆንስ? ያኔ ጣሪያውን መቆለል አያዋጣም። ፒጂባውንሰር የሚባለውን ከፊት ታስቀምጣላችሁ። ሥራው የታክሲ ተራ አስከባሪ ሥራ ነው። ብዙ ሰው ያሰልፋል፣ ባዶ መቀመጫ ሲገኝ ያስገባል። ደንበኞች በፖርት 6432 ወደ እሱ ይመጣሉ፣ እሱ ጥቂት መስመሮችን ብቻ ወደ ዳታቤዙ ይዞ ያዞራቸዋል። ሳይነካ ለአንድ ዳታቤዝና ተጠቃሚ ጥንድ 20 መስመር ይይዛል።

ፑል ሞድ የሚለውን ትራንዛክሽን ካደረጋችሁት ቁጠባው ትልቅ ነው። መስመሩ ለደንበኛው የሚሰጠው ለትራንዛክሽኑ ብቻ ነው፣ ሲያልቅ ለሌላ ይሄዳል። ዋጋ ግን አለው። ፕሮግራሙ ጊዜያዊ ሠንጠረዥ ከፈጠረ፣ ወይም ለሙሉ ቆይታው ያስተካከለው ቅንብር ካለ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ላያገኘው ይችላል። አስቀድመው የሚዘጋጁ ጥያቄዎችን (ፕሪፔርድ ስቴትመንት) ፒጂባውንሰር በዚህ ሞድ መደገፍ የጀመረው ከቨርዥን 1.21 ወዲህ ነው። ስለዚህ ያረጀ ቨርዥን አትጫኑ። ፕሮግራማችሁ ውስጥ ምን እንዳለ ካላወቃችሁ ሴሽን በሚለው ሞድ ጀምሩ፣ በእሱ መስመሩ ደንበኛው እስኪወጣ የእሱ ነው።

ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። ፒጂባውንሰር እዚያው ሰርቨር ላይ ካለ ለዳታቤዙ ሁሉም ሰው ከሎካልሆስት የመጣ ይመስላል፣ በየቅርንጫፉ የጻፋችሁት የፒጂ ኤችቢኤ መስመር አይሠራም። ማጣሪያውን ወደ ፒጂባውንሰሩ ማዛወር አለባችሁ። ሁለተኛ፣ የሞቱት መስመሮች አሁን የሚከማቹት እሱ ላይ ነው። የራሱ ኪፕአላይቭ ቅንብሮች አሉት፣ እነሱንም በእርምጃ 4 ቁጥሮች ሙሏቸው።

እኛ እስካሁን አላስፈለገንም። 69 መስመር ላይ ሌላ የሚበላሽ ነገር መጨመር አልፈለግሁም።

9. ኬብሉን ነቅላችሁ ሞክሩ

ቅንብሩን ጽፎ መሄድ አይበቃም። ሎግ ኮኔክሽንስንና ሎግ ዲስኮኔክሽንስን ክፈቱ። ከዚያ ሥራ በማይበዛበት ሰዓት አንድ ኮምፒውተር ምረጡ። ፕሮግራሙን ክፈቱ፣ ሠንጠረዡ ላይ 3 መስመሩን እዩ። ፕሮግራሙን ሳትዘጉ ከኮምፒውተሩ ጀርባ የኔትወርክ ኬብሉን ንቀሉ። ፕሮግራሙን ብትዘጉት ተሰናብቶ ስለሚወጣ ፈተናው ከንቱ ይሆናል።

ሰዓት ያዙ። ዝርዝሩን በየ15 ሰከንዱ አድሱ። እኔ ስሞክር አንደኛው ደቂቃ ላይ 3ቱም እንዳሉ ነበሩ። ደቂቃ ተኩል፣ አሁንም አሉ። ሁለተኛው ደቂቃ እንዳለፈ ሳድሰው ከዝርዝሩ ጠፉ፣ ሎጉም ግንኙነቱ መቋረጡን ጻፈ። ኬብሉን መለስኩ፣ ፕሮግራሙ ራሱ ተገናኘ፣ 3 አዲስ መስመር ብቻ።

ከዚያ ያንኑ በምሳ ሰዓት መርካቶ ላይ ደገምነው። ቅርንጫፉ የቆጣሪውን ማብሪያ አጥፍቶ ከአምስት ደቂቃ በኋላ መለሰው። እኔ ገላን ሆኜ ዝርዝሩን እያየሁ ነበር። 18፣ ከዚያ 0፣ ከዚያ እንደገና 18።